ስለ መሥሪያ ቤት ግቢና በእግሩ ስለሚመጣው ሠራተኛ

በቀድሞ ዘመን ወደ ሹም ደጅ የሚመጣ ሰው ሁለት ዓይነት ነበረ፤ አንደኛው በበቅሎ የሚመጣ፥ ሁለተኛው በእግሩ የሚመጣ። በበቅሎ የመጣው ሰው ምንም ቢከበር፥ ባለ መርገፍ ሰጋር በቅሎም ቢኖረው፥ ከግቢው በር ሲደርስ ይወርዳል፤ በቅሎዪቱንም ሎሌው ተቀብሎ ከአጥር ውጭ ይዟት ይቆያል። ጌታውም ኩታውን አደግድጎ እንደ ማንኛውም ሰው በእግሩ ይገባል። ከቤተ ክርስቲያን ፊት የሚያልፍ መንገደኛም እንዲሁ ወርዶ፥ ተሳልሞ፥ ጥቂት በእግሩ ከሄደ በኋላ ይቀመጣል። ይህ ወግ ለእግዚአብሔር ቤትና ለመንግሥት ቤት ክብር ሲባል የተሠራ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ሌላም ጥቅም ነበረው፤ ይኸውም ግቢው የሰው መቆሚያ ሆኖ ይቀር ነበር። ከሳሹና ተከሳሹ፥ ነገረ ፈጁና ምስክሩ፥ ደጅ ጠኚውም ሁሉ ከዛፉ ጥላ ሥር የሚቀመጥበት ሥፍራ ያገኝ ነበር።

ዛሬ በቅሎዪቱ ቦታዋን ለአውቶሞቢል ለቃለች። አውቶሞቢል ግን እንደ በቅሎ ከበር አይቀርም፤ እስከ ደረጃው ድረስ ገብቶ፥ ከጥላው ሥር ቦታ ይዞ፥ ከጧት እስከ ማታ ይውላል። በበቅሎ ዘመን ከአጥር ውጭ የነበረው አሁን ከአጥር ውስጥ ሆኗል፤ ከአጥር ውስጥ የነበረው ባለ ጉዳይም በብዙ ሥፍራ ከአጥር ውጭ ሆኖ ይጠብቃል። ይህ ለውጥ ማንም ሳይመክርበትና ሳይወስነው ቀስ በቀስ የመጣ ስለ ሆነ፥ ይገባል ወይስ አይገባም ብሎ የጠየቀ ሰው ጥቂት ነው።

ደብረ ማርቆስ ይህን ነገር ለመመርመር የምትመች ከተማ ናት። በቀድሞ ስሟ መንቆረር ትባል የነበረችው ይህች ከተማ፥ ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃም ንጉሥ ከሆኑ በኋላ የመንግሥታቸው መቀመጫ ሆና ታወቀች፤ የዛሬውንም ስሟን ያገኘችው በዚያ ከታነጸው ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር በሚያልፍ ደጋ ላይ፥ በጮቄ ተራራና በአባይ ሸለቆ መካከል ተቀምጣ፥ ዛሬ የምሥራቅ ጎጃም ዞን አስተዳደር መቀመጫ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 62,497 ነዋሪዎች ነበሩባት፤ ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲው እየሰፋ ሲሄድ ከተማዪቱም አብራ ሰፍታለች። ይሁን እንጂ እንደ አዲስ አበባ ዳርና ዳሯ የማይታይ ከተማ አይደለችም። ጤነኛ ሰው ከመኖሪያ ቤቱ ተነሥቶ ወደ መሥሪያ ቤቱ በእግሩ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት፥ ቢርቅ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። የዞኑና የከተማው መሥሪያ ቤቶች አብዛኞቹም እርስ በርሳቸው በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። የኑሮው ሁኔታ እንዲህ ሆኖ ሳለ የመሥሪያ ቤቱ ግቢ የአውቶሞቢል ማደሪያ እንዲመስል ያደረገው የመንገዱ ርዝመት አለመሆኑ ግልጽ ነው።

የመንግሥት ሥራ ጧት በ2 ሰዓት ተኩል ይጀምራል። ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ የከተማዪቱን ዋና መንገድ የሚመለከት ሰው፥ ከሠራተኛው እጅግ የሚበዛው በእግሩ ሲሄድ ያያል። ጥቂቱ በባጃጅ ይሳፈራል፤ አለቃ የሆነው ወይም ከብዙ ዘመን ቁጠባ በኋላ የራሱን ያገኘው በአውቶሞቢል ያልፋል። በ6 ሰዓት ተኩል ይኸው ሁሉ ሰው ለምሳ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደ ገና ይመጣል፤ በ11 ሰዓት ተኩል ደግሞ ይሄዳል። ስለዚህ የአገር ቤት ከተማ ሠራተኛ መንገዱን የሚመላለሰው በቀን አራት ጊዜ ነው እንጂ በትልልቅ ከተማ እንደሚደረገው ሁለት ጊዜ አይደለም። በበጋ ይህ መመላለስ ለሰውነት ጤና ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ክረምት ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የደጋው ዝናም ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ሲወርድ፥ የጎኑ መንገድ ጭቃ ይሆናል፤ ጸሐፊዪቱ ጫማዋን በፌስታል ይዛ፥ ልብሷ ረጥቦ፥ ከአገልግሎት መስኮቱ ትደርሳለች፤ በውስጥም ጃንጥላዋን የምታኖርበት ማዕዘን፥ እግሯንም የምታጥብበት የውኃ ቧንቧ አታገኝም። በዚያው ሰዓት አለቃው ከደረጃው ሥር ከአውቶሞቢሉ ይወርዳል። ሁለቱም የአንድ መንግሥት አገልጋዮች ናቸው፤ ነገር ግን ግቢው የተደራጀው ለአንደኛው ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህ ሥፍራ በገንዘብ ቢተመን ምን ያህል ይሆናል? አንድ መጠነኛ አውቶሞቢል የሚቆምበት ቦታ ወርዱ ሁለት ሜትር ተኩል፥ ርዝመቱ አምስት ሜትር ያህል ነው። የሚገባበትና የሚወጣበት፥ የሚዞርበትም መንገድ ሲጨመር ከ25 ካሬ ሜትር አያንስም። ሁለት አውቶሞቢሎች የሚውሉበት መሬት የአንድ ትምህርት ክፍል ያህል ነው ማለት ነው። ሃያ አውቶሞቢል ከቆመበት ግቢ 500 ካሬ ሜትር ተወሰደ። የከተማ ቦታ ዋጋ እንዳለው መንግሥት ራሱ በ2004 ዓ.ም. ባወጣው የሊዝ አዋጅ፥ በቁጥር 721፥ አስታውቋል፤ ሱቅ የሚከፍተውም፥ ቤት የሚሠራውም በካሬ ሜትር ሒሳብ ይከፍላል። በመሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ የሚውል የግል አውቶሞቢል ግን ምንም አይከፍልም። ስለዚህ ይህ ቦታ ከደመወዝ መዝገብ ላይ ያልተጻፈ ደመወዝ ነው፤ ይህንንም ደመወዝ የሚቀበሉት ከሁሉ ይልቅ የተሻለ ደመወዝ ያላቸው ናቸው። በእግሩ የሚመጣው ተላላኪ፥ የጥበቃ ሠራተኛውና መዝገብ ቤቷ ከዚህ አንድ ክንድ እንኳ አይደርሳቸውም።

እግረኛው ይህን ሰምቶ «አህያም የለኝ ከጅብም አልጣላ» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ምሳሌው አይሠራለትም። አህያ ባይኖረውም የጅቡን ቀለብ እርሱም ከሚያዋጡት አንዱ ነውና፤ መሬቱ የሕዝብ ነው፤ አጥሩ የታጠረው፥ ጠጠሩ የፈሰሰው፥ ጥበቃውም የሚቀጠረው በሕዝብ ገንዘብ ነው።

ከሠራተኛውም ይልቅ የሚጎዳ ሌላ ሰው አለ። ከጎዛምን፥ ከማቻከል፥ ከስናን፥ ከባሶ ሊበን ስለ መሬት ካርታ፥ ስለ ውርስ፥ ስለ ፍርድ ጉዳይ ሌሊት ተነሥቶ የሚመጣው ባላገር፥ ጋቢውን ተከናንቦ፥ በትሩን ይዞ፥ ከቀኑ እኩሌታውን በግቢው ውስጥ ይውላል። ከአውቶሞቢሎች መካከል ሲቆም «ሽማግሌው፥ ከዚያ ራቅ ይበሉ፥ መኪናው ይወጣል» ይባላል። ወደ አጥሩ ጥግ ይሄዳል፤ እዚያም ፀሐይ ነው። አግዳሚ ወንበር ለማኖር ቦታ የለም ይባላል፤ ለሃያ አውቶሞቢል ግን ቦታ ተገኝቷል። በቀድሞው ሹም ደጅ ብዙ ግፍ እንደ ነበረ ማንም አይክድም፤ ቢሆንም የዚያን ጊዜ ባለ ጉዳይ ጥላ አላጣም።

ስለ ነዳጁም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ ቤንዚንና ናፍጣ የምታገኘው ሁሉ ከውጭ አገር፥ በውጭ ገንዘብ ተገዝቶ ነው። በጂቡቲ ወደብ የተራገፈው ቤንዚን እስከ አዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከዚያም ወደ ደብረ ማርቆስ ሌላ 300 ኪሎ ሜትር ይጨምራል። በዚህም መንገድ ላይ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፥ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግሮ፥ እንደ ገና ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። ቦቴው ራሱ በዚህ ዳገት ላይ የሚያቃጥለው ናፍጣ ቀላል አይደለም። መንግሥት ድጎማውን ቀስ በቀስ ማንሣት በጀመረበት በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን በአዲስ አበባ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበረ፤ በጥር 2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አለፈ። ይህን ያህል ባሕርና በረሃ አቋርጦ የመጣውን ፈሳሽ፥ በግማሽ ሰዓት በእግር ለሚደረስ መንገድ፥ አንድ ሰው ብቻውን በአምስት ሰው ወንበር ተቀምጦ በቀን አራት ጊዜ ሲያቃጥለው ማየት ለሚያስተውል ሰው ያስደንቃል።

በኤሌክትሪክ የሚሄደው አውቶሞቢል ይህን ችግር በከፊል እንደሚያቃልል አይጠረጠርም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ ጎጃምን ከሦስት ወገን የከበበው አባይም ለነዳጅ ቦቴ እንቅፋት መሆኑ ሳያንስ፥ ዛሬ በጉባ ላይ ተገድቦ ብርሃን ሰጪ ሆኗል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራ ነው። ሆኖም የኤሌክትሪክ አውቶሞቢልም ቢሆን እንደ ቤንዚኑ አምስት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል ይይዛል። ጭሱን ያስቀራል እንጂ የሽማግሌውን ጥላ አይመልስም።

መጻሕፍትን የሚያውቁ ሰዎች በዚህ ነገር ሁለት ታሪክ ያስታውሳሉ። አንደኛው በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈው የሰሎሞን ነገር ነው። ሰሎሞን 1400 ሠረገላ ነበሩት፤ ነገር ግን ሁሉንም በኢየሩሳሌም አደባባይ አላከማቸም፤ ጥቂቱን ከእርሱ ጋር አኑሮ የቀረውን በሠረገላ ከተሞች አስቀመጠ። ጥበበኛው ንጉሥ የሠረገላው ብዛት የመንግሥቱን ከተማ እንዳያጣብብ ማሰቡ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። (ንጉሥ ፈረስ እንዳያበዛ በኦሪት ዘዳግም የታዘዘውን ሰሎሞን አለመጠበቁ ሌላ ነገር ነው፤ መምህራን በሰፊው ይተረጕሙታል።) ሁለተኛው ታሪክ ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ ይቀርባል። በግብረ ሐዋርያት የተነገረለት የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ የገንዘብ ቤት ሹም፥ ማለት የመንግሥት ሠራተኛ ነበረ። በሠረገላው ብቻውን ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ ፊልጶስን በመንገድ አገኘው፤ በእግሩ የሚሮጠውንም እንግዳ ወጥቶ ከጎኑ እንዲቀመጥ ለመነው። ሊቃውንት በዚህ ቦታ ስለ ትርጓሜና ስለ ጥምቀት ብዙ ያስተምራሉ፤ ስለ ባዶው ወንበር ግን የሚናገር የለም። ወንበሩን ባይሰጥ ኖሮ ግን የቀረው ሁሉ ባልሆነ ነበር።

የውጭውም ዓለም በዚህ ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ ሲቸገር ኖሯል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 ዓመት ገደማ፥ በዩልዮስ ቄሣር ዘመን በወጣው ሕግ፥ ለቤተ መቅደስና ለሕዝብ ሥራ ዕቃ ከሚያመላልሱትና ከጥቂቶች በቀር፥ ሠረገላ ሁሉ ከፀሐይ መውጫ እስከ ቀኑ 10 ሰዓት በሮም ከተማ ውስጥ እንዳይሄድ ተከልክሎ ነበር። በዘመናችን ነገሩን ከሁሉ ይልቅ በጥልቀት የመረመሩት አሜሪካዊው መምህር ዶናልድ ሹፕ ናቸው። በነጻ የሚሰጥ የመኪና ማቆሚያ በእውነቱ ነጻ እንዳልሆነ፥ ዋጋውን መኪና የሌለው ሰው ሳይቀር እንደሚከፍለው የሚያስረዳ ትልቅ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመዋል። የካሊፎርኒያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው ሕግ፥ ለሠራተኞቻቸው ማቆሚያ ተከራይተው በነጻ የሚሰጡ አንዳንድ አሠሪዎች፥ ቦታውን ለማይፈልገው ሠራተኛ ዋጋውን በገንዘብ እንዲሰጡት አዘዘ። ሹፕ ይህን ሕግ የፈጸሙ 8 አሠሪዎችን ሲመረምሩ፥ ብቻቸውን በመኪና የሚመጡት ሠራተኞች ቁጥር ከመቶ 17 ቀንሶ አገኙት። ማንም አልተገደደም፤ ማንም መኪናውን አልተቀማም፤ ለመኪናው የተሰጠው ነገር ለእግረኛውም ስለ ተሰጠ ብቻ ይህ ሆነ። በእንግሊዝ አገር የኖቲንግሃም ከተማ ደግሞ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 11ና ከዚያ በላይ የሠራተኛ መኪና ማቆሚያ ያለው አሠሪ ሁሉ በየዓመቱ ግብር እንዲከፍል አድርጎ፥ በገንዘቡ የትራም መስመሩን አስፋፍቶበታል።

እነዚህ አገሮች ይህን ያደረጉት መኪና ከሞላባቸው በኋላ ነው። የጎጃም ከተሞች ዕድል በዚህ ይለያል፤ ገና አልሞሉም። ሥራቸው እግረኛውን ከመኪና ማውረድ ሳይሆን፥ በእግሩ የሚሄደው ሰው በእግሩ መሄዱን እንዳይጠላው ማድረግ ነው፤ ይህም እጅግ የሚቀልል ሥራ ነው።

በኢትዮጵያም መነሻ የሚሆን ነገር ጠፍቶ አያውቅም። የአንበሳ አውቶቡስ በ1935 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጠላት ትቷቸው የሄዱትን የጭነት መኪናዎች አሻሽሎ ነበረ። በ2006 ዓ.ም. ለመንግሥት ሠራተኞች ብቻ የተመደቡ አውቶቡሶች በአዲስ አበባ ሥራ ጀመሩ፤ ሠራተኛው የመታወቂያ ወረቀቱን አሳይቶ ያለ ክፍያ ይሳፈራል። ከኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በአንዳንድ እሑዶች ዋና ዋና መንገዶች ለእግረኛ ተለቅቀው ታይተዋል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስቴር ስለ እግረኛና ስለ ቢስክሌት የአሥር ዓመት አገር አቀፍ ስትራቴጂ አውጥቷል። በአዲስ አበባ እንኳ፥ መኪናው እንደዚያ በበዛበት ከተማ፥ ከሚደረገው ጉዞ ሁሉ ከእኩሌታ የሚበልጠው በእግር ነው።

ከደብረ ማርቆስ በስተ ሰሜን ምዕራብ ያለችው ባሕር ዳር ደግሞ በቢስክሌት የታወቀች ናት። በጣና ዳር በሜዳ ላይ የተሠራች ስለ ሆነች፥ ተማሪውም መምህሩም፥ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛውም በቢስክሌት መሄድን እንደ ነውር አይቆጥሩትም። ደብረ ማርቆስ ዳገት አለባት፤ እንደ ባሕር ዳር አይቻልም የሚል ሰው ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን በባትሪ የሚታገዝ ቢስክሌት ዛሬ ዳገቱን ያቀልለዋል፤ ከዚህም ሌላ ቢስክሌት ያለው ሰው ወደ መሥሪያ ቤት ይዞት የማይመጣው ስለ ዳገቱ ብቻ አይደለም። የሚያስርበት ብረት የለም። ከአጥሩ ላይ ቢያስደግፈው ጥበቃው «አንሣ» ይለዋል፤ ለአንድ አውቶሞቢል በሚበቃው ቦታ ግን ስምንትና አሥር ቢስክሌት ይቆማል።

በዚህ ሁሉ ላይ ግን ከዳገትም ከጭቃም የሚከብድ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ማፈር ነው። ብዙ ሰው በመኪና የሚሄደው መድረስ ስለሚፈልግ ብቻ ሳይሆን መታየት ስለሚፈልግም ነው። ሹም በእግሩ ሲሄድ የታየ እንደ ሆነ «ምን ነካው፥ ተሻረ እንዴ» ይባላል። የመምሪያ ኃላፊ በቢስክሌት ቢመጣ፥ ከሥሩ ያሉት በፊቱ አይናገሩም፤ በኋላው ግን ይሥቃሉ። ይህ አስተሳሰብ ከበቅሎው ዘመን የወረደ ነው፤ ያን ጊዜ የሰው ክብር በተከተሉት ሎሌዎች ቁጥርና በበቅሎው ጌጥ ይለካ ነበር። በጎጃም ምድር የፈረስና የበቅሎ ፍቅር አለመጥፋቱ ደግ ነው፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር ያየ ሰው ይህን ያውቃል። በዓሉ ግን በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ወደ ሥራ መሄድ የዕለት ዕለት ነገር ነው።

ይኸው የጎጃም ምድር ደግሞ ስለ እግረኛ ክብር የሚመሰክር ሌላ ታሪክ አለው። ከዲማ ወደ ደብረ ኤልያስ፥ ከደብረ ኤልያስ ወደ ዋሸራ ቅኔ ፍለጋ የሄዱት ተማሪዎች ደበሎ ለብሰው፥ አኩፋዳ አንግተው በእግራቸው ነበረ የሄዱት። ከእነርሱ መካከል የተነሡት ሊቃውንት ነገሥታት ፊት ቆመው ተናግረዋል፤ በእግራቸው በመምጣታቸው ማንም አልናቃቸውም። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ከሚሠሩት አዛውንት አንዳንዶቹ የእነዚህ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

አንዳንድ ባለሥልጣኖች ሌላ ምክንያት ያቀርባሉ፤ በእግር ብንሄድ ባለ ጉዳይ በየመንገዱ እያስቆመ ሥራ ያስፈታናል ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ያስቆማል። ነገር ግን በመንገድ ላይ ለሁለት ደቂቃ የተሰማ አቤቱታ ብዙ ጊዜ በቢሮ ውስጥ ለሁለት ወር የቆየውን ወረቀት ያንቀሳቅሳል። የጭቃውንም ጥልቀት በጫማው ያወቀ ሹም የከተማውን መሐንዲስ የሚጠይቀው ጥያቄ ሌላ ይሆናል።

አውቶሞቢል አያስፈልግም ማለት ግን አይገባም። የግብርና ባለሙያው ወደ ቆላው ወረዳ፥ የጤና ሠራተኛው ወደ ገጠር ጣቢያ፥ ዳኛውም ድንበር ወደሚታይበት መሬት የሚሄዱበት የመንግሥት መኪና በግቢው ውስጥ የመጀመሪያ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ከእርሱም በፊት አካሉ የጎደለና በእግሩ ለመሄድ የማይችል ሠራተኛና ባለ ጉዳይ፥ ነፍሰ ጡርም፥ ከደረጃው አጠገብ መቅረብ አለባቸው፤ አሁን ግን ያ ቦታ በሥልጣን ቅደም ተከተል የተያዘ ነው። ማምሻውን ዘግይታ ለምትወጣ ሴት ሠራተኛም መብራት የሌለው መንገድ «ጤና ነው፥ ሂጂ» የሚባልበት አይደለም። እግረኛን ማክበር ከመንገዱ መብራት ይጀምራል።

በደብረ ማርቆስና በመሰሎቿ ከተሞች ሊደረግ የሚቻለው ነገር ከዚህ የተነሣ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። በየዩኒቨርሲቲው የተለመደው የሠራተኛ ሰርቪስ በአንድ መሥሪያ ቤት አቅም ባይቻል፥ ጎረቤታሞች የሆኑ አራትና አምስት መሥሪያ ቤቶች ተባብረው አንድ አውቶቡስ ጧትና ማታ፥ በተለይ በክረምት ወራት፥ ሊያሠማሩ ይችላሉ። በየግቢው ያለው ክበብ በተመጣጠነ ዋጋ ምሳ ቢያቀርብ፥ በቀን አራት የነበረው መመላለስ ወደ ሁለት ይወርዳል፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥማ እስከ 9 ሰዓት ለሚጾመው ሠራተኛ ምሳ ስለማይፈለግ፥ የቀትሩ ሰዓት ለዕረፍት የሚሆን አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ቢሰጠው ወደ ቤቱ ሄዶ መመለስ አያስፈልገውም። በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ባለ መኪናዎችም ወንበራቸውን ለጎረቤታቸው ቢያካፍሉ፥ ቦታ በሚሰጥበት ጊዜ ሦስትና አራት ሰው ይዞ ለሚመጣው ቅድሚያ መስጠት ይቻላል። የግል መኪናውን ብቻውን ይዞ የሚመጣው ደግሞ ከግቢው ውጭ ያቁም፥ ወይም ለቦታው መጠነኛ ዋጋ ይክፈል፤ የተከፈለውም ገንዘብ ለሰርቪሱ ነዳጅ ይዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ግቢው ይለካ። ስንት ካሬ ሜትር እንደ ሆነ፥ ከዚህ ስንቱ በአውቶሞቢል፥ ስንቱ በሰው እንደ ተያዘ፥ ስንት ሠራተኛ በምን እንደሚመጣ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ። ለዚህ ሥራ አንድ ሜትር፥ ሁለት ሠራተኛና አንድ ጧት ይበቃል። ከተለካ በኋላ ከጥላው ሥር ያሉት ሁለት የአውቶሞቢል ቦታዎች ለባለ ጉዳዮች አግዳሚ ወንበር፥ አንደኛው ለቢስክሌት ማሰሪያ ብረት ቢለቀቁ፥ የሚቀየሙት ሦስት ሰዎች ናቸው።

የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ ዝናሙም በዚያው ወራት ይበረታል። የአግዳሚው፥ የብረቱ፥ ከበር እስከ ደረጃው የሚነጠፈው የድንጋይ መንገድና የጃንጥላ ማኖሪያው ዋጋ በዕድሳት ወጪ ውስጥ እንዲገባ የሚፈልግ ኃላፊ፥ ጥያቄውን ለፋይናንስ ክፍል ማቅረብ የሚገባው የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ሳይዘጋ፥ በበጋው ወራት ነው።